ሁለት ብሎን ስንት ኩንታል ይይዛል?

ግቢ ጥግ በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የማይታይበት የአዲስ አበባ ሰፈር ጥቂት ነው። አምስት ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 50 ኩንታል ይመዝናል። ይህ ሸክም ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው እየተላለፈ መሬት ይደርሳል። ማማው በብሎን የተገጣጠመ ከሆነ፣ በየመገጣጠሚያው የጣት ውፍረት ባላቸው ጥቂት ብሎኖች በኩል ማለፍ ግድ ይለዋል። የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ማማዎች፣ የመጋዘን ጣሪያዎች፣ የመንገድ ዳር ትልልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ የቆሙት በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ያ ብሎን ስንት ይችላል? መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊደርስበት የሚችል ስሌት ነው። እኔም እዚህ እስከ መጨረሻው ልሠራው የፈለግሁት፣ ብዙ ሰው ስለ ብሎን ጥንካሬ ብቻ አስቦ ስለሚያቆም ነው። መገጣጠሚያ ሲፈርስ ብሎኑ ደህና ሆኖ የተገኘባቸው አደጋዎች አሉ፤ ከታች እንመጣባቸዋለን።

ምሳሌያችን ቀላል ይሁን። 80 ሚሊሜትር ስፋትና 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት አለን። ጫፉ ከሱ ወፈር ካለ ሌላ ላሜራ ጋር ተደርቦ በሁለት ብሎን ታስሯል፤ ብሎኖቹ ፊትና ኋላ ሆነው በኃይሉ አቅጣጫ ተሰልፈዋል። ከዚያ ብረቱ ይጎተታል። ምን ያህል ቢጎተት ነው የሚለቀው?

ከብሎኑ ራስ እንጀምር። ጥሩ ብሎን ራሱ ላይ በነጥብ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈውበታል፤ ለብረት ሥራ በብዛት የሚታዘዘው 8.8 የሚል ነው። የመጀመሪያው 8 በመቶ ሲባዛ 800 ይሆናል። ይህም የብሎኑ ብረት በየካሬ ሚሊሜትሩ 800 ኒውተን፣ ማለትም ከ80 ኪሎ በላይ ሲጎተት ይበጠሳል ማለት ነው። ሁለተኛው 8 ደግሞ የዚያ 80 በመቶ ላይ፣ 640 ኒውተን ሲደርስ፣ ተለጥጦ ወደ ቦታው የማይመለስበት ደረጃ እንደሚጀምር ይነግረናል። 4.6 የሚል ብሎን በዚሁ አነባበብ የሚበጠሰው በ400፣ መለጠጥ የሚጀምረው በ240 ነው። ዳዶውም የራሱ ቁጥር አለው፤ ለ8.8 ብሎን ቢያንስ 8 የሚል ዳዶ ይፈለጋል። ራሱ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ሸክም ለሚይዝ ሥራ ባይገዛ እመርጣለሁ። የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ስሌት በምን ላይ እንደምንሠራ አናውቅም።

ብሎኖቻችን ኤም 20 ናቸው፤ ውፍረታቸው 20 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለስላሳው አካላቸው ተቆርጦ ቢታይ ስፋቱ 314 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ጥርስ በወጣለት በኩል ግን ጥርሱ ብረቱን ስለሚበላው 245 ብቻ ይቀራል። ሁለቱ ላሜራዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሳቡ ብሎኑን በመካከላቸው እንደሚቆርጡት አድርገው ይጫኑታል። ብረት ደግሞ ከመበጠስ ይልቅ ለመቆረጥ ይቀላል፤ የመቆረጥ አቅሙ የመበጠስ አቅሙ 60 በመቶ ገደማ ነው። በአውሮፓ ኮድ የሚሰላው እንዲህ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣቻቸው የግንባታ ደረጃዎችም ይህንኑ ኮድ የተከተሉ ናቸው፦

0.6 × 800 × 245 ÷ 1.25 = 94,080 ኒውተን

ይህም 94 ኪሎኒውተን ነው። አንድ ኪሎኒውተን 102 ኪሎ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎኒውተን አንድ ኩንታልና ጥቂት ነው ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። አንዱ ብሎን 96 ኩንታል ገደማ፣ ሁለቱ አብረው 188 ኪሎኒውተን ወይም 192 ኩንታል ይይዛሉ። 1.25 የመጠባበቂያ ማካፈያ ናት፤ ብረቱ ከተባለው ትንሽ ቢደክም፣ ልኩ ትንሽ ቢዛነፍ ብሎ ኮዱ አስቀድሞ የሚቀንሳት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር አለ። 245 ያልነው ላሜራዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያረፈው የብሎኑ ጥርስ ነው ብለን ነው። ርዝመቱ በደንብ ተመርጦ ለስላሳው አካል እዚያ ቢያርፍ ኖሮ በ314 እናባዛ ነበር፤ አንዱ ብሎን 120 ኪሎኒውተን ይይዛል። ያው ብሎን ነው፣ ያው ደረጃ ነው። ሲገዛ ጥርሱ የት ላይ እንደሚያልቅ ማየት ብቻ ከአራት አንድ እጅ በላይ አቅም ይጨምራል። ብረታችን ከሁለት ላሜራ መሐል ቢገባ ደግሞ ብሎኑ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መቆረጥ ስላለበት አቅሙ እጥፍ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው፤ ብሎኖቹ 192 ኩንታል ይይዛሉ፣ ስለዚህ መገጣጠሚያው 192 ኩንታል ይይዛል። አይይዝም።

ለረጅም ጊዜ የታጠቃችሁትን የቆዳ ቀበቶ ተመልከቱ። የዘለበቱ እሾህ አልታጠፈም፣ አልተሰበረም፤ ቀዳዳው ግን ከክብነት ወጥቶ ረዝሟል። ከቀበቶው ጫፍ በጣም ቀርቦ ቢበሳ ኖሮ ጫፉን ቀዶ ይወጣ ነበር። ጠንካራ ብሎንም በደካማ ወይም በስስ ላሜራ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብሎኑ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይጫናል፣ ብረቱ ይጨፈለቃል፣ ቀዳዳው ይረዝማል፣ መጨረሻ ላይ ጫፉ ይቀደዳል።

የእኛ ብረት ኤስ 275 የሚባለው ዓይነት ነው እንበል፤ በ275 መለጠጥ ይጀምራል፣ በ430 ይበጠሳል። ለኤም 20 ብሎን የሚበሳው ቀዳዳ 22 ሚሊሜትር ነው። ከጫፍ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ መሐል 30 ሚሊሜትር ሰጥተናል፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሐል ደግሞ 60። ኮዱ ቢያንስ ከጫፍ የቀዳዳውን 1.2 እጥፍ፣ በቀዳዳዎች መካከል 2.2 እጥፍ ይጠይቃል። 26.4 እና 48.4 ማለት ነው፤ ስለዚህ ሕጉን አልጣስንም። ግን ሕግ አለመጣስና ሙሉ አቅም ማግኘት የተለያዩ ናቸው። የጫፉን ርቀት ለቀዳዳው ሦስት እጥፍ እናካፍላለን፦ 30 ÷ 66 = 0.45። ይህ ቁጥር ከአንድ ባነሰ መጠን ብረቱ አቅሙን ሳይጨርስ ይቀደዳል። ከዚያ፦

2.5 × 0.4545 × 430 × 20 × 8 ÷ 1.25 = 62,500 ኒውተን ገደማ

መጀመሪያው ላይ ያለው 2.5 ብረቱ ከጎን በቂ ስፋት ሲኖረው የሚፈቀድ ማባዣ ነው፤ 20 የብሎኑ ውፍረት፣ 8 የብረቱ ውፍረት ነው። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያለው ብሎን 94 ቢችልም፣ የተደገፈበት ብረት የሚችለው 62.5 ኪሎኒውተን ብቻ ነው። ከኋላው ላለው ብሎን ርቀቱ ስለሚሻል 90.7 ይወጣል። ድምሩ 153 ኪሎኒውተን ነው። ከ188 ወደ 153 ወረድን፤ ያወረደን ብሎኑ አይደለም።

የጫፉን ርቀት ከ30 ወደ 45 ሚሊሜትር ብናሳድገው የመጀመሪያው ብሎን ቦታ ከ62.5 ወደ 93.8 ይዘላል። ብረቱ በአንድ ተኩል ሳንቲሜትር ይረዝማል፣ የዚያ ቦታ አቅም በግማሽ ይጨምራል። ትራፓኖ የያዘ ሰው ቀዳዳ ከመብሳቱ በፊት ሜትሩን አውጥቶ አንዴ ቢለካ የሚያተርፈው ይህን ነው።

አሁን መገጣጠሚያው የሚለቅበት ሦስተኛው መንገድ። ብረቱ ሲበሳ ይሰሳል። 80 ሚሊሜትር የነበረው ስፋት በቀዳዳው ትክክል ላይ 58 ሚሊሜትር ብቻ ቀርቷል፤ በ8 ሲባዛ 464 ካሬ ሚሊሜትር። የጉተታው ኃይል በሙሉ በዚህች ቁራጭ ውስጥ ማለፍ አለበት፦

0.9 × 464 × 430 ÷ 1.25 = 143,700 ኒውተን ገደማ

143.7 ኪሎኒውተን፣ ወይም 146 ኩንታል። ቀዳዳ የሌለበት የብረቱ አካል ደግሞ 80 × 8 × 275 = 176 ኪሎኒውተን ላይ መለጠጥ ይጀምራል። አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ ብሎኖቹ 188፣ የቀዳዳው ግድግዳ 153፣ የተበሳው ቦታ 143.7፣ ያልተበሳው አካል 176። የመገጣጠሚያው አቅም ከአራቱ ትንሹ፣ 143.7 ነው። የሚለቀውም እዚያ ቦታ ላይ፣ በቀዳዳው መስመር ተሰንጥቆ ነው።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ የዚህ ስሌት ጣፋጭ ክፍል ነው። መገጣጠሚያው አልበቃ ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚለው «አንድ ብሎን ይጨመር» ነው። ሦስተኛ ኤም 20 በዚያው መስመር ላይ ጨምሩ፤ ብሎኖቹ 282 ደረሱ። የተበሳው ቦታ ግን ያው 58 ሚሊሜትር ነው፤ 143.7። አንድ ኪሎ እንኳ አልጨመርንም። እንዲያውም ኤም 20 ዎቹን አውጥተን በሦስት ቀጫጭን ኤም 16 ብንተካቸው ይሻለናል። አንዱ ኤም 16 የሚችለው 60.3 ብቻ ቢሆንም ሦስቱ 181 ይሆናሉ። ቀዳዳቸው 18 ሚሊሜትር ስለሆነ ደግሞ 62 ሚሊሜትር ብረት ይተርፋል፤ የተበሳው ቦታ አቅም ወደ 153.6 ከፍ ይላል። በቀዳዳው ግድግዳ በኩልም ችግር አይመጣም። ብሎኑን አቅጥነን መገጣጠሚያውን አጠነከርነው።

በተቃራኒው ደግሞ አለ። ቀዳዳ ለቀዳዳ አልገጥም ሲል በኤሌክትሮድ እያቃጠሉ ማስፋት በየሥራ ቦታው ይታያል። 22 የነበረው ቀዳዳ 30 ሆነ እንበል። የቀረው ብረት 50 ሚሊሜትር ነው፤ ስሌቱን ስንደግመው 143.7 የነበረው ወደ 123.8 ይወርዳል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 20 ኩንታል ጠፋ፤ ላዩን ሮንዴላ ስለሚሸፍነው ደግሞ በኋላ ማንም አያየውም። ቀዳዳ ካልገጠመ ብረቱ ይውጣ፣ እንደገና ይለካ፣ በትራፓኖ ይበሳ። ይህን ስል ሥራው ሲቸኩል ምን ያህል እንደሚከብድ አውቄ ነው።

146 ኩንታል አገኘን ማለት ግን 146 ኩንታል ይሰቀልበት ማለት አይደለም። ኮዱ አቅሙን በ1.25 እንዳሳነሰው ሁሉ ሸክሙንም ያሳድገዋል። እንደ ብረቱ የራሱ ክብደት ያለ ሁልጊዜ የሚኖር ሸክም በ1.35፣ እንደ ዕቃ፣ ሰው ወይም ነፋስ ያለ የሚመጣና የሚሄድ ሸክም በ1.5 ይባዛል። ሸክሙ በሙሉ ተለዋዋጭ ከሆነ፣ 143.7ን ለ1.5 ስናካፍል 95.8 ኪሎኒውተን እናገኛለን። በእውነት ሊሰቀልበት የሚችለው 97 ኩንታል ገደማ ነው።

እስካሁን ስለ ማጥበቅ አላወራንም፤ በዚህ ዓይነት መገጣጠሚያ ብሎኑ በኪያቬ በደንብ ከተጠበቀ ይበቃል፤ ሸክሙን የሚያስተላልፈው ቀዳዳው ላይ ተደግፎ ነው። ድልድይ ላይ፣ ክሬን ላይ፣ የሚንቀጠቀጥ ማሽን በተቀመጠበት ቦታ ግን ቅንጣት ያህል መንሸራተት አይፈለግም። እዚያ ኤም 20 ብሎን 137 ኪሎኒውተን እስኪሳብ ድረስ በልክ ይጠበቃል፤ ላሜራዎቹ እርስ በርስ ተጨምቀው በሰበቃ ብቻ ይያያዛሉ። የሰበቃው መጠን በላሜራው ገጽ ይወሰናል። በአሸዋ ግፊት ተፍቆ ንጹሕ የሆነ ገጽ ላይ አንዱ ብሎን 55 ኪሎኒውተን ያህል ሳይንሸራተት ይይዛል፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ምንም ያልተነካ ገጽ ላይ 22 ብቻ። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሚገናኙት ፊቶች በዘፈቀደ ቀለም እንዳይቀቡ የሚከለከለው።

ሌላው ሰውን የሚያታልለው ሸክሙ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ምሰሶ ጎን ላይ አንድ ላሜራ ከላይና ከታች በሁለት ብሎን ተለጥፏል፤ ብሎኖቹ 10 ሳንቲሜትር ይራራቃሉ። ላሜራው ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ከብሎኖቹ መስመር 20 ሳንቲሜትር ርቆ 20 ኪሎኒውተን ተሸክሟል። ሁለት ብሎን ስለሆነ ለእያንዳንዱ 10 ይደርሰዋል ትላላችሁ። ወደ ታች ብቻ ቢሆን ልክ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ላሜራውን ሊያዞረው ይታገላል፤ የማዞር ኃይሉ 20 × 200 = 4,000 ነው። ይህን የሚቋቋሙት ሁለቱ ብሎኖች አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ በመግፋት ስለሆነ በመካከላቸው ላለው 100 ሚሊሜትር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 40 ኪሎኒውተን ይወጣል። ወደ ታች 10፣ ወደ ጎን 40፤ በፓይታጎራስ ሲጣመሩ 41.2። ከገመትነው አራት እጥፍ በላይ ሆነ። ብሎኖቹን በ10 ፈንታ በ20 ሳንቲሜትር ብናራርቃቸው የጎኑ ግፊት ወደ 20 ይወርዳል፤ ተጨማሪ ብሎን አያስፈልገንም።

ሸክም የሚሄድበትን መንገድ በጣት ተከትሎ መቁጠር ሲቀር ምን እንደሚመጣ በዓለም ላይ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ሐያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ የደረሰው ነው። የሆቴሉ ሰፊ አዳራሽ ላይ በአየር ተንጠልጥለው የሚያልፉ የእግረኛ መተላለፊያዎች ነበሩ። የአራተኛውና የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያዎች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ከጣሪያው በብረት ዘንግ ተሰቅለዋል። በመጀመሪያው ንድፍ ዘንጉ አንድ ወጥ ነበር። ከጣሪያው ወርዶ የአራተኛውን ፎቅ አግዳሚ ብረት በቀዳዳ አልፎ እስከ ሁለተኛው ይደርሳል፤ በየፎቁ አግዳሚ ሥር ደግሞ ዳዶና ሮንዴላ አለ። በዚህ አኳኋን የአራተኛው ፎቅ ዳዶ የሚሸከመው የራሱን ፎቅ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ፎቅ ክብደት በዘንጉ ውስጥ አልፎ በቀጥታ ወደ ጣሪያው ይሄዳል።

ሲሠራ ግን ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ከጣሪያው እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛው ፎቅ አግዳሚ እስከ ሁለተኛው። በሥዕል ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ነው። አሁን ግን የታችኛው መተላለፊያ የተንጠለጠለው በላይኛው አግዳሚ ላይ ሆነ፤ የአራተኛው ፎቅ ዳዶም ሁለቱንም ፎቅ መሸከም ነበረበት። ሸክሙ እጥፍ ሆነ፤ ለውጡ ጸድቆ ሲያልፍ ይህን መገጣጠሚያ እንደገና ያሰላው ሰው አልነበረም። ከአደጋው በኋላ የመረመሩት ባለሙያዎች የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው ኮድ ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶውን ብቻ ያሟላ እንደነበር ደረሱበት።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 ምሽት አዳራሹ በዳንስ ታዳሚዎች በተሞላበት ሰዓት ሁለቱም መተላለፊያዎች ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ዘንጉ አልተበጠሰም፤ የዳዶው ጥርስም አልተበላም። አግዳሚው ሁለት የሲ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ፊት ለፊት ተገጥመው በብየዳ የተያያዙበት ሳጥን ነበር፤ ቀዳዳውም የተበሳው እዚያው የብየዳው መስመር ላይ ነው። ዳዶውና ሮንዴላው የሳጥኑን ሥር ወደ ላይ እያጠፉ፣ ብየዳውን እየሰነጠቁ ገብተው፣ በሳጥኑ ውስጥ አልፈው ወጡ። ከአራቱ ቁጥሮቻችን የቀዳዳውን ዙሪያ የሚመለከተው ነው የለቀቀው።

በ26 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ ከተማ ሚሲሲፒ ወንዝን የሚያሻግረው የአይ 35 ደብልዩ ድልድይ ወደቀ፤ 13 ሰዎች ሞቱ፣ 145 ቆሰሉ። ድልድዩ አገልግሎት የጀመረው በ1967 ነበር። ዋና ዋናዎቹ ብረቶች የሚገናኙባቸው አንዳንድ ማያያዣ ላሜራዎች ግማሽ ኢንች ውፍረት ነበራቸው፤ ሊኖራቸው ይገባ ከነበረው ግማሹ። ስህተቱ ከንድፉ ጀምሮ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ የድልድዩ ወለል ወፍሮ ክብደት ጨመረ፤ በዚያ ቀን ደግሞ የጥገና ዕቃ፣ አሸዋና ጠጠር ተከምሮበት ነበር። ድልድዩ በተደጋጋሚ ተፈትሿል፣ የመሸከም አቅሙም ተሰልቷል፤ ነገር ግን ማያያዣ ላሜራዎች ከሚያገናኟቸው ብረቶች ይጠነክራሉ ተብሎ ይታሰብ ስለነበር በስሌቱ ውስጥ አይገቡም ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር የእንዲህ ዓይነት ድልድዮች አቅም ሲሰላ ማያያዣ ላሜራዎቹም አብረው እንዲሰሉ ግዛቶችን ጠየቀ።